የቺካጎው ክበብና የመጀመሪያ ሥራው



ስለ በጎ አድራጎት ክበቦች ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው የልግስናው መጠን ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ይህን ያህል ችግረኛ ተረዳ ይባላል። የተሠራውን ሥራ ከምረቃው ቀን በኋላ ማን እንደ ጠበቀው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ለመሐንዲስ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። የመጀመሪያው የሮታሪ ክበብ ታሪክም መመርመር የሚገባው ከዚህ አንጻር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ምሽት አራት ሰዎች በቺካጎ ከተማ፣ በዩኒቲ ሕንፃ ውስጥ በሚገኘው ቁጥር 711 ቢሮ ተሰበሰቡ። ቢሮው ጉስታቩስ ሎር የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። የቀሩት ጠበቃው ፖል ሃሪስ፣ የድንጋይ ከሰል ነጋዴው ሲልቬስተር ሺልና ልብስ ሰፊው ሃይረም ሾሪ ነበሩ። ሐሳቡን ያመነጨው ሃሪስ ሲሆን፣ በቬርሞንት ግዛት በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ በአያቶቹ እጅ ያደገ፣ በትልቁ ከተማ ግን ወዳጅ ማጣት የከበደው ሰው ነበር። ከገጠር መጥቶ አዲስ አበባ የሰፈረ ሰው በእድር የሚፈልገውን ነገር እርሱም የፈለገ ይመስላል። ስብሰባው በአባላቱ የሥራ ቦታ በየተራ ይዞር ስለ ነበር ክበቡ «ሮታሪ»፣ ማለትም ተዘዋዋሪ ተባለ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ክበቡ ሲመሠረት የበጎ አድራጎት ዓላማ አልነበረውም። ከየሙያው አንድ አንድ ሰው ብቻ ይቀበል የነበረው አባላቱ ያለ ተፎካካሪ እርስ በርሳቸው እንዲገበያዩ ነው። በ1906 ዶናልድ ካርተር የተባለ የፈጠራ መብት ጠበቃ አባል እንዲሆን ሲጋበዝ፣ ከራሱ አባላት በቀር ለማንም የማይጠቅም ክበብ ዕድሜ አይኖረውም በማለት እንቢ አለ። ክበቡም ቅር በመሰኘት ፈንታ ደንቡን በማሻሻል ሥራ እንዲረዳ ካርተርን ራሱን ጠየቀው። የከተማይቱን ጥቅም ማራመድ የሚለው ሦስተኛው ዓላማ የተጨመረው በዚህ ሁኔታ ነው።

በ1907 የተመረጠው ሥራ ለዝና የሚያበቃ አልነበረም፤ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማሠራት ነበር። በዚያን ጊዜ በቺካጎ መሐል ከተማ መጸዳጃ የቸገረው ወንድ መጠጥ ቤት ገብቶ ቢራ ማዘዝ ግድ ይሆንበት ነበር፤ ሴትም ወደ ታላላቆቹ መደብሮች ዘልቃ ገበያተኛ መምሰል ነበረባት። ተቃውሞው የመጣውም ከዚሁ ወገን ነው። ቢራ ጠማቂዎች የከተማው 6,000 መጠጥ ቤቶች ለሕዝቡ ይበቁታል ሲሉ ተከራከሩ፤ የስቴት ጎዳና መደብሮችም እኛ አለን አሉ። የአንዱ ጭንቀት ለሌላው ገበያ በሆነበት ስፍራ እንዲህ ያለ ክርክር ቢነሣ አያስደንቅም።

ክበቡ ከኪሱ አውጥቶ ግንብ አልገነባም። በከተማው የሚገኙ ሌሎች ማኅበራትን ጠርቶ በኅብረት ማዘጋጃ ቤቱን ወተወተ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ከፈጀ ሙግት በኋላ ከተማው 20,000 ዶላር መድቦ ሥራው ተፈጸመ። የዚህ አካሄድ ብልኅነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መጸዳጃ ቤት በየቀኑ ጠባቂ ይሻል፤ ውኃው ይቋረጣል፣ ቧንቧው ይደፈናል። ክበብ ሠርቶት ስሙን በእብነ በረድ ጽፎ ቢሄድ ባለቤት አልባ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤት ሲሠራው ግን ጽዳቱና ጥገናው ከዓመታዊ በጀት ጋር ሊያያዝ ይችላል። በለጋሽ ተተክሎ አንዲት ጎማ በመጥፋቷ ብቻ የቆመ የእጅ ፓምፕ በገጠር ያየ ባለሙያ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ክበቦቹ ተባዙ። በ1908 ሁለተኛው በሳን ፍራንሲስኮ ተቋቋመ፤ በ1955 የአዲስ አበባው ተመሠረተ። ሴቶች በአባልነት የተፈቀደላቸው ግን እጅግ ዘግይቶ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ከወሰነ በኋላ፣ በ1989 ነው፤ ይህም ለድርጅቱ ክብር የሚጨምር ምዕራፍ አይደለም።

የመጸዳጃ ቤቱ ዘዴ በሰፊው የተደገመው በፖሊዮ ዘመቻ ነው። ሥራው በ1979 በፊሊፒንስ ተጀምሮ በ1985 ወደ ዓለም አቀፍ ዘመቻ አደገ። ክበቦቹ 120 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቅደው እስከ 1988 ድረስ 247 ሚሊዮን አገኙ። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ጉባኤ በሽታውን ለማጥፋት ሲወስን፣ በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር። አሁንም ክትባቱን የሚሰጡት መንግሥታት ናቸው፤ ክበቦቹ ገንዘብና የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ይጨምራሉ። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ተሐዋሲ ነፃ መሆኗ በኦገስት 2020 ተረጋገጠ፤ ከክትባቱ የመነጨው ዝርያ ግን ከ2019 ጀምሮ በኢትዮጵያም በመታየቱ ቤት ለቤት መዞሩ አልቀረም።

በዚህ ዙረት ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። በአፍ የሚጨመረው ክትባት ሙቀት ካገኘው ኃይሉን ስለሚያጣ በበረዶ በተሞላ ሣጥን ይጓዛል፤ ተሸካሚውም ብዙ ጊዜ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ከ1996 ወዲህ በጠርሙሱ ላይ ከሙቀት ጋር እየጠቆረ የሚሄድ ትንሽ ካሬ ምልክት ይለጠፋል። ክትባት ሰጪው ጠብታውን ከሕፃኑ አፍ ሳያደርስ አስቀድሞ ያንን ምልክት ይመለከታል፤ ካሬው በዙሪያው ያለውን ክብ ቀለም ያህል ከጠቆረ ጠርሙሱ ይጣላል።