በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ስላደግንበት ጊዜ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ ከተያዙት ጉዳዮች አንዱ የአዳራሹ ቴሌቪዥን ነገር ነው። እንደሚታወቀው ተበላሽቶ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ይሸጥና ገንዘቡ ለወንበር መግዣ ይዋል የሚሉ አሉ፤ ይሠራ የሚሉም አሉ። ውሳኔው የእናንተ ነው። ነገር ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ አርባን ያለፍን የዚህ መንደር ልጆች በምን ዓይነት ቤት እንዳደግን ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የቀለም ሥርጭት በ1977 መጣ ቢባልም፣ በእኛ መንደር በልጅነታችን የምናውቀው ጥቁርና ነጩን ነው። እሱም ቢሆን በጣት የሚቆጠር ሰው ቤት ብቻ ነበር። ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና ዳንቴል ይለብሳል። አንድ ልጅ ውጭ ቆሞ የአንቴናውን እንጨት ያዞራል፣ ከውስጥ «ትንሽ መልሰው! ኧረ አበላሸኸው!» ይባላል። የጅማን ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ እግራችንን ሳንታጠብ ደጁን አናልፍም። ገብተን መሬት ላይ ተደርድረን የአባባ ተስፋዬን ተረት እንሰማለን። እኒያ ሰው ልጆችን አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጫወቱ ናቸው፤ በ2009 ሲያርፉ በዚህ መንደር ያለቀሰው ሽማግሌውም ጭምር ነው።

የትልልቆቹ ድራማ ሲመጣ ግን በነፃ አልነበረም። በቡና ወራት ለእያንዳንዳችን ሰፌድ ይታደለናል። ዓይናችን ድራማው ላይ፣ ጣታችን ቡናው ላይ ይሆናል። ታሪኩ ልብ ሲያንጠለጥል ጥቁሩ ፍሬ ከደህናው ጋር ያልፋል። የቤቱ እመቤት ጠዋት ሰፌዱን አይተው የትኛው ቦታ ላይ እንደተመሰጥን ያውቁብን ነበር።

ሌላም ሥራ ነበረብን። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ ድራማው ደግሞ በአማርኛ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚዎቹ እኛ ነበርን። ሰውዬው ብዙ ተናግሮ ሲጨርስ እኛ «ተቆጥቷል» ብለን እንዘጋዋለን። አኮ መች በዚህ ይለቁናል! «ይህን ሁሉ ለፍልፎ ተቆጥቷል ብቻ ነው? ምን አድርጋው ነው የተቆጣው? አባቷስ የት አለ?» ይላሉ። በዚህ መሐል አማቶች ይገባሉ፣ ጎረቤት ይፈርዳል፣ ያልተጠየቀ አጎት ስለ ራሱ ትዳር ያወራል። ድራማው ካለቀ በኋላ ክርክሩ እስከ ሦስተኛው ቡና ይዘልቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከድራማው የበለጠ የምናስታውሰው ክርክሩን ነው።

ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃና ወደ ሊሙ ገነት ዘመድ ቤት ስንሄድ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሬዲዮ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ያልሰማ ትልቅ ሰው የለም፤ ፊደል ያልቆጠሩት ሁሉ ታሪኩን በቃላቸው ያወሩልን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1990ዎቹ የነበረውን ጊዜ ማንም አልረሳውም። የእድራችን ድንኳን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሌላው ግቢ ይተከላል፤ የሚቀበሩት ደግሞ ወጣቶች ናቸው። «በሳንባ ነው»፣ «በወባ ነው» ይባላል እንጂ ኤድስ የሚለውን ቃል በቤቱ የሚጠራ አባት አልነበረም። ከ1994 እስከ 1997 በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ተላለፈ፤ 257 ክፍል ነበረው። በዚያው ጊዜ «ዲምቢባ» የሚባል በኦሮምኛ ይተላለፍ ነበር። አያቶቻችን ያለ አስተርጓሚ የሰሙት የመጀመሪያው ተከታታይ ድራማ እሱ ነበር። አሁን በተራቸው እነሱ ናቸው ለከተማው ልጅ የሚያስረዱት! ያኔ የቡና ዋጋ ወድቆ ሰው እጁ ባዶ ነበር፤ ቢሆንም ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ እያሞቅን ሬዲዮኑን አላጠፋነውም።

ድራማዎቹን ያዘጋጀው ድርጅት ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶታል። በጥናቱም ድራማውን ከሚሰሙት መካከል ደም የተመረመሩት ካልሰሙት እጅግ በልጠው ተገኝተዋል። እኛ ግን በዓይናችን ያየነውን እንናገር። በመንደራችን አንድ ዝምተኛ አባት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ማታ ክፍሉ ሲያልቅ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው «የልጅቱን ነገር ሰማችሁ አይደል? ሳትመረመሩ ሽማግሌ አልልክላችሁም» አሏቸው። በዚያ ቤት ስለዚህ ነገር ሲነገር የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የሬዲዮዋ ልጅ ባትኖር በምን በኩል ይጀምሩት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ያለው የቅርብ ነው። «ገመና» መጣ፣ ቀጥሎም «ሰው ለሰው»። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ በሚታይበት ረቡዕ ማታ ስብሰባ የጠራ ሰው ብቻውን ይቀመጥ ነበር። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት የቱርኩ ሁሉ በአማርኛ ይናገር ጀመር። የቱርክ ፊልም ልጆቻችንን አበላሸ የሚባለውን እኛ አንቀበለውም፤ እነሱም ስለ አማትና ስለ ርስት ነው የሚጣሉት።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ዛሬ እናት በአንዱ ክፍል ታያለች፣ ልጅ በስልኩ ጆሮውን ደፍኖ ያያል። ልጁ ያየውን ነገር «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ የለም፤ አያትም «ምን አለ?» የሚሉት ልጅ አጥተዋል። አሁንም በየቤቱ አፍ የሚያስይዝ ነገር አለ። ወደ ዓረብ አገር ልሂድ የምትለው ልጅ አለች፤ በጫት ምክንያት ትምህርቱን የተወ ልጅም አለ።

ስለዚህ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ቴሌቪዥኑ ይሠራ። አዳራሹ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይከፈት፣ ቡና በየተራ ከየቤቱ ይምጣ። በመኸር ወቅት የሚለቀም ያለው ሰፌዱን ይዞ ይምጣ። የማሠሪያው ዋጋ ከሒሳብ ሹሙ ዘንድ ስላለ አሁን ያነቡላችኋል። ከዚያ በኋላ ይሸጥ የሚሉት ቀድመው ሐሳባቸውን ይስጡ፤ ድምፅ የሚሰጠው እነሱ ከተደመጡ በኋላ ነው።