ከመላካችሁ በፊት ዮርዳኖስን ተሻገሩ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

ዛሬ በኪሳችሁ ስላለው ስልክ፣ በተለይም ስለ ቤተ ክርስቲያን የቴሌግራምና የዋትሳፕ ግሩፖች ልናገር ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ስብከት ይሆናል?" እንዳትሉኝ። እስቲ መጀመሪያ በራሴ ላይ ልመስክር።

አንድ ምሽት የደረሰኝን ስክሪንሾት በአገልጋዮች ግሩፕ ውስጥ አስገባሁ። የአጥቢያችንን ገንዘብ የምትይዝ እህት ብር ወደ ራሷ ሒሳብ እንዳዛወረች የሚያሳይ ይመስል ነበር። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ "እንጸልይ።" አያችሁ፣ ሐሜትን የጸሎት ልብስ አለበስኩት። ሳይነጋ ወሬው ወጣቶች ግሩፕ ገባ፤ ከዚያ መዘምራን ጋ፣ ከዚያ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጋ ደረሰ። አንዱ "ሌባ" አላት፤ ሌላው ቤተሰቧን አነሣ።

በሦስተኛው ቀን እውነቱ ወጣ። ገንዘቡ የታመመ ወንድም እንዲታከምበት ሽማግሌዎች ወስነው በእርሷ በኩል ያስከፈሉት ነበር። ቃለ ጉባኤውም፣ የሆስፒታሉ ደረሰኝም አለ። መልእክቴን ወዲያው አጠፋሁት። ከእኔ ግሩፕ ጠፋ፤ ከሌሎቹ ግን አልጠፋም። ይቅርታ ልጠይቅ ቤቷ ስሄድ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝና እንዲህ አለችኝ፦ "ፓስተር፣ ቤቴ ከቤትዎ አሥር ደቂቃ አይርቅም። ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?"

መልስ አልነበረኝም። ያቺ ጥያቄ ኢያሱ ምዕራፍ 22ን እንደ አዲስ እንዳነብ አደረገችኝ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ ከወንድሞቻቸው ጋር ተዋግተው፣ ተመርቀው ወደ ገለዓድ ተመለሱ። በዮርዳኖስም አጠገብ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው ወደ ወንድሞቻቸው ደረሰ፦ "መሠዊያ ሠርተዋል!" ሕዝቡም ሊወጋቸው በሴሎ ተሰበሰበ። ልብ በሉ፣ ወሬው ውሸት አልነበረም። መሠዊያው በእርግጥ ተሠርቷል። ያልታወቀው ለምን እንደ ተሠራ ነው። የእኔም ስክሪንሾት ውሸት አልነበረም፤ ብሩ በእርግጥ ተዛውሯል። ዓይናችን የሚያየው ምን እንደ ሆነ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ታዲያ በሴሎ የተሰበሰቡት ምን አደረጉ? ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፣ ሰው ልከው ጠየቁ። የላኩት የካህኑን የአልዓዛርን ልጅ ፊንሐስንና ከየነገዱ አንድ አንድ፣ አሥር አለቆችን ነው። ፊንሐስን ከዘኁልቁ 25 እናውቀዋለን፤ ስለ እግዚአብሔር ቅንዓት ጦር ያነሣ ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ በጦሩ ፋንታ ጥያቄ ይዞ ሄደ። ቅንዓት ያለው ሰው ስሜቱን ያዘ ማለት ነው። እኛስ? ጣታችን ከልባችን ቀድሞ ይሮጣል። ይህን የስልክ ሠራተኞቹ እንኳ አውቀውታል። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ ወደ ሆኑ ቦታዎች ማስተላለፍ ከለከለ። በ2020 ደግሞ እጅግ ብዙ ጊዜ የተላለፈውን ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ገደበ። ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነቱ መልእክት በ70 በመቶ እንደ ቀነሰ ኩባንያው ተናግሯል። ማንም አልተከለከለም፤ እጅ ትንሽ እንዲዘገይ ብቻ ተደረገ። በአገራችንም ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። እኛ ግን የምንጠነቀቀው ቅጣት ፈርተን ብቻ ከሆነ፣ መንፈስ ቅዱስ በውስጣችን ምን እየሠራ ነው?

ሁለተኛ፣ ሲወቅሱም ቦታ አዘጋጁ። የፊንሐስ ቃል ለስላሳ አልነበረም፤ የአካንን ኃጢአት ሳይቀር አስታወሳቸው። ነገር ግን በዚያው ንግግር፣ "ምድራችሁ ረክሶ እንደ ሆነ ወደ እኛ ተሻገሩ፤ ርስታችንን እንካፈላለን" የሚል ሐሳብ አቀረበላቸው። ከገዛ መሬታቸው ሊቆርሱላቸው! ወገኖቼ፣ በግሩፕ ውስጥ ስንከራከር እንዲህ ያለ በር እንከፍታለን? ወይስ "አንተ ድሮም እንዲህ ነህ" ብለን በሩን እንዘጋለን? ጌታችን በማቴዎስ 18 ያስተማረን የበደለህን ወንድም መጀመሪያ ለብቻው እንድታነጋግረው ነው። በሁለት መቶ ሰው ፊት የተጻፈ ወቀሳ ወንድምን ከመመለስ ይልቅ ጀርባውን እንዲሰጥ ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ መልሱን ይዘው ተመለሱ። እነዚያ ነገዶች መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ለምስክርነት እንደ ሆነ አስረዱ፤ ልጆቻቸው ወደ ፊት "ከእግዚአብሔር ዕድል ፈንታ የላችሁም" እንዳይባሉ ፈርተው ነበር። ፊንሐስም ሰምቶ ደስ አለው። ግን በደስታው ብቻ አልቀረም፤ ወሬው ሕዝቡን ወዳነሣሣበት ቦታ ተመልሶ እውነቱን ተናገረ። የጦርነቱም ወሬ ቀረ። ውሸት የሄደበትን መንገድ እውነትም መሄድ አለበት። እኔ ስሜን ጽፌ፣ "የላክሁት ስሕተት ነው፣ እህታችን ንጹሕ ናት" ብዬ በሰባት ግሩፕ አስገባሁ። ስምንተኛው የት እንዳለ አላውቅም። እህታችን ይቅር ብላኛለች። ወደ አገልግሎቷ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሩፕ የሚበላሸው በሐሜት ብቻ አይደለም። አንዲት እናት "ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን እገባለሁ፣ ጸልዩልኝ" ብላ ትጽፋለች፤ ሠላሳ የ"ደህና እደሩ" ሥዕልና የማያልቅ ክርክር ይቀብራታል። ጳውሎስ በኤፌሶን 4 ቃላችን ሰሚውን የሚያንጽና ጸጋ የሚሰጥ እንዲሆን ይነግረናል። ስለዚህ ከመላካችን በፊት "ይህ ማንን ያንጻል?" እንበል። አድሚን የሆናችሁ ደግሞ እንደ ቤተ መቅደሱ በረኞች ናችሁ። የበረኛ ሥራ የጠላውን ማስወጣት አይደለም፤ ቤቱ ለጸሎት እንዲመች መጠበቅ ነው። የሚያጠፋውን በውስጥ መስመር ምከሩት፤ ሥርዓቱ ለፓስተሩም ለምእመኑም እኩል ይሁን።

ውድ ወገኔ፣ ይህን ወረቀት ስታጥፉ ስልካችሁን ክፈቱ። ሳትጠይቁት የጻፋችሁበት ወንድም አለ? ቤቱ ቅርብ ከሆነ ዛሬ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነ ደውሉ። ክርስቶስ እኛን ከሩቅ ሆኖ አልፈረደብንም። ወደ እኛ ተሻገረ፤ በደላችንን እያወቀ በመስቀል ላይ ስለ እኛ ሞተ። እርሱ ይህን ያህል መንገድ ከመጣልን፣ እኛ አሥር ደቂቃ እንሂድ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ለአፌ ብቻ ሳይሆን ለጣቴም ጠባቂ አኑር። የወንድሜን ስም እንደ ራሴ ስም እንድጠብቅ እርዳኝ። ያቆሰልኩትን እንድፈልግ ድፍረት ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።