«ሁሉን ፈዋሽ» ስለ ተባለው ሥር
(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)



ስም አንዳንድ ጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሮጣል። ዛሬ የምንነጋገርበትን ተክል ሊቃውንተ ዕፅዋት ፓናክስ ብለው ሰይመውታል፤ ትርጓሜውም ከጽርዕ ቋንቋ ሲመለስ «ሁሉን ፈዋሽ» ማለት ነው። ይህን ታላቅ ስም የተሸከመው የአሜሪካ ጂንሰንግ ግን ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት የማያልፍ ትንሽ ተክል ነው።

የሚበቅለውም በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከካናዳ ጀምሮ እስከ ጆርጂያ ድረስ፥ በብርድ ወራት ቅጠላቸውን በሚያረግፉ ታላላቅ ዛፎች ጥላ ነው። ከአገዳው ጫፍ ላይ ቅጠሎቹ ዙሪያውን ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱም ቅጠል እንደ እጅ ጣት በአምስት ይከፈላል። በበጋቸው መጨረሻ ፍሬው ይቀላል። የወደቀው ዘር የሚበቅለው ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በምድር ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። አገዳው በየዓመቱ በብርድ ሲሞት በሥሩ አናት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆፋሪውም ጠባሳውን ቆጥሮ የተክሉን ዕድሜ ያውቃል። በአገራችን ደን የሚገኘው፥ ንቦች ነጭ ማር የሚሠሩበት ጌተም ከዚሁ ከጂንሰንግ ቤተ ሰብ መሆኑን ስንሰማ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም።

የእስያው ጂንሰንግ በቻይና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚያ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዣርቱ ስለ እርሱ የጻፉትን ያነበቡት የማኅበር ወንድማቸው ላፊቶ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1716 ዓ.ም. በሞንትሪያል አጠገብ የአሜሪካውን አገኙ። የሞሃክ ሕዝብ ግን አስቀድሞ በመድኃኒትነት ያውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥሩ ወደ ቻይና ይላክ ጀመር፤ በ1784 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ተነሥታ ካንቶን የደረሰችው «የቻይና እቴጌ» የተባለች የንግድ መርከብም 30 ቶን ያህል ጂንሰንግ ጭና ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ከዚህ ተክል የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ሥሩ የተነቀለ ተክል ደግሞ ሌላ ዘር አይሰጥም። ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀው በአንድ ቀን ይቆፈራል። ከዚህም የተነሣ የዱሩ ጂንሰንግ እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። በአሜሪካ ከአምስት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው የዱር ሥር ወደ ውጭ አገር አይላክም፤ በብዙ ግዛቶችም ቆፋሪው ፍሬውን በነቀለበት ስፍራ እንዲተክል ሕግ ያስገድደዋል። በዊስኮንሲን ያሉ ገበሬዎችም በሰው ሠራሽ ጥላ ሥር ያመርቱታል።

ለመሆኑ ሁሉን ይፈውሳልን? በሥሩ ውስጥ ጂንሰኖሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚገኘውን ስኳር እንደሚቀንስ አመልክተዋል። ስለ ሌሎች ብዙ ሕመሞች የሚነገረው ግን ገና በማስረጃ አልጸናም። ጉዳትም አያጣውም፤ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ኃይል እንደሚያዳክም በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የስኳር በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም ስኳሩን ከመጠን በላይ ሊያወርድበት ይችላል።

ስለዚህ ከውጭ አገር ያለ ዘመድ በፍቅር ተነሣሥቶ የጂንሰንግ እሽግ ቢልክላችሁ፥ ከመዋጣችሁ በፊት ለሐኪማችሁ አሳዩ። ሁሉን ይፈውሳል የሚባል መድኃኒት ሲቀርብለት «የትኛውን በሽታ? በምን ያህል መጠን? በማን ምስክርነት?» ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።