ምንቃሯ ስለ ጠመመ ዶሮ አያያዝ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የካራቆሬ የሰፈራችን ማኅበር አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ ዶሮ ነው። የመንገዱና የውሃው ጉዳይ እያለ ዶሮ ምን ያስወራዋል እንደምትሉኝ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ያነሡት ጥያቄ ሳይመለስ ስለ ቀረ፣ ኮሚቴው «አጣርተህ ንገር» ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኒህ እናት እቁብ በደረሳቸው ገንዘብ 45 ቀን የሞላቸው ስድስት የውጭ ዝርያ ቄቦች ገዙ። የሁለቱ ምንቃር አልገጥም አለ። አንደኛዋ የላዩና የታችኛው እንደ መቀስ ተላልፎባታል፤ የሁለተኛዋ የላዩ አጥሮ የታችኛው እንደ አካፋ ወጥቷል። ጥሬ ለቅመው መዋጥ አቅቷቸው ቀን በቀን ከሱ። አንዱ ጎረቤት «ይረዷቸው» አላቸው። ሌላው ደግሞ «ሳይታወቅብዎ ገበያ ያውጧቸው» አላቸው። እሳቸውም «ልረዳቸው ሥጋ የላቸው፤ ልሽጣቸው ሰው ማታለል ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁን። ይህ ጥያቄ የሁላችንም ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቦቫንስ፣ ሳሶ፣ ኮኮክ የሚባሉትን የሚያረባ ሰው በዝቷል።

በመጀመሪያ ምንቃር ምን እንደሆነ እንወቅ። ውስጡ አጥንት ነው፤ ላዩ እንደ እኛ ጥፍር ያለ ሽፋን ነው። ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የአበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ መሬት ስትጭር፣ ድንጋይ ላይ ስትጠርገው ስለምትውል ይሞረድላታል። ለስላሳ ዱቄት ብቻ እየበላች ተዘግታ የምትኖር ዶሮ ግን ምንቃሯ ሊረዝም ይችላል። የላዩ ከታችኛው ትንሽ ቢያልፍ ግን ጤና ነው፤ አትንኩት።

የሚጠምበት ምክንያት ብዙ ነው። ከዘር ይመጣል፤ እንቁላሉ ሲታቀፍ ሙቀቱ ሲዛባ ይመጣል፤ የእናቲቱ ምግብ ሲጎድል ወይም ጫጩቷ ስትጎዳ ይመጣል። ደግሞም በትልልቅ እርባታዎች ዶሮዎች እርስ በርሳቸው እንዳይነካከሱ የምንቃራቸው ጫፍ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። አቆራረጡ ከተበላሸ አንዱ አጥሮ ሌላው ይረዝማል። ስዊድንና ኖርዌይ ይህን መቁረጥ በሕግ ከልክለዋል። የእናታችን ሁለተኛዋ ቄብ እንዲህ ያለ የአቆራረጥ ጉዳት ሳይደርስባት አልቀረም። ያም ሆነ ይህ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ ሌሎቹ ላይ አይጋባም።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ።

አንደኛ፣ ለብቻዋ ትብላ። ከሌሎቹ ጋር ከሆነች እሷ አንድ ጊዜ እስክትቀምስ እነሱ ጨርሰውት ይሄዳሉ።

ሁለተኛ፣ የማሽላ ዱቄትና ፉርሽካ በውሃ ለውሳችሁ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ስጧት። በምንቃሯ መልቀም ካቃታት እየዛቀች ትበላለች። ዕቃው በድንጋይ ከፍ ብሎ እስከ ጀርባዋ ቁመት ይድረስ። በእኛ ቆላ ሙቀት የተለወሰ ነገር ቶሎ ይሻግታል፤ የተረፈውን በዕለቱ ድፉት። ውሃዋም ምንቃሯን እስከ አፍንጫዋ ሥር የሚያጠልቅ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ከአንገቷ ሥር እህል የሚጠራቀምበትን ከረጢት ዳስሱ። ሞልቶ ከሆነ በልታለች። ባዶ ከሆነ ጾሟን አድራለች ማለት ነው።

አራተኛ፣ ላባዋን በምንቃሯ ማበጠር ስለማትችል ቅማል ይበዛባታል። አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅላችሁ የምትንከባለልበት ቦታ አዘጋጁላት፤ ክንፏን እየገለጣችሁ እዩ።

አምስተኛው መሞረድ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የልጄን ዶሮ ምንቃር በአንድ ጊዜ ላስተካክል ብዬ በመቀስ ቆረጥኩት። ደሙ አልቆም አለ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ይሁን ድንጋጤው አፏን ወደ እህል ሳታቀርብ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጄ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ለካስ የምንቃር ውስጡ ደምና ሕመም የሚሰማው ሥጋ አለው! ስለዚህ ዶሮዋን አንድ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ፤ አፍንጫዋ እንዳይሸፈን፣ ደረቷም እንዳይጨመቅ። ሌላው ወደ ብርሃን አዙሮ ይመልከት። ቀላ ብሎ የሚታየው ሕያው ክፍል ነው፤ አይነካም። ጫፉን ብቻ በጥፍር ሞረድ ትንሽ ትንሽ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት እያዩ መሞረድ ነው። ምንቃሩ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ካልታየ ፈጽሞ መቀስ አታስጠጉ። ከደማ በንጹሕ ጨርቅና በዱቄት ጫን አድርጎ መያዝ ነው። በጉልበት ጠምዝዞ ለማቃናት መሞከር ግን ስብራት ነው።

ስድስተኛ፣ የእንደዚህች ዶሮ እንቁላል ይበላል፤ ነገር ግን አታሳቅፉት፤ ነገሩ ከዘር ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ያልበላች ዶሮ ሁሉ በምንቃሯ ምክንያት ነው አትበሉ። ካንቀላፋች፣ አረንጓዴ ካስቀመጣት፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ ፈንግል ሊሆን ይችላልና ለይታችሁ ቶሎ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ ቢሾፍቱ ይመረታል።

የእናታችን ቄቦች የት ደረሱ? ላለፉት አራት ሳምንታት እንዲህ ተይዘው፣ ባለ አካፋዋ ሥጋ ይዛለች፣ ከእኩዮቿም ትሮጣለች። ባለ መቀሷ ግን ገና ከሲታ ናት፤ አልዋሻችሁም። እየተያዘች ካልበላችና ከተሠቃየች ያኔ መረድ ምሕረት ነው። በረኀብ እያለቀች ዝም ብሎ ማየት ግን ከቢላዋ ይከፋል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ቄብ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዷን አንሥታችሁ አፏን እዩ። እንዲህ ያለች ዶሮ ስትሸጡ ደግሞ ጉድለቷን ተናግራችሁ፣ ዋጋ ቀንሳችሁ ሽጡ። ገዢውም እንደ እኒህ እናት ከእቁቡ ቆጥቦ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። የጥፍር ሞረድ የሌለው አባል እኔ ዘንድ ይምጣ፤ አንድ ለማኅበሩ ገዝተናል፤ ተጠቅሞ አጥቦ ይመልስ።



የማኅበሩ ጸሐፊ