እኔም ሰው ቢኖረኝ

 

አላበዛም ብዬ ለሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ቃል ገብቻለሁ። ጠበቃ «ባጭሩ ላስረዳ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ሲል ዳኛው ለምን ብዕሩን እንደሚያስቀምጥና ወንበሩን እንደሚደገፍ በቅርቡ ታዩታላችሁ። ቢሆንም እሞክራለሁ።

የተጠራሁት ስለ ቀድሞ ተማሪዎች እንድናገር ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እናንተ ተመራቂዎችም የቀድሞ ተማሪዎች ናችሁ፤ ስሙ የሚለጠፍባችሁ ገና ጋዋኑን ሳትመልሱ ነው። እኔ ላይ ከተለጠፈ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከትምህርት ቤቱና ከጓደኞቼ ምን ወሬ ደረሰኝ? ምን ዓይነት ወሬስ ሊደርሰኝ ይገባ ነበር? ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

ይህ ቤት በ1956 ዓ.ም. እዚህ ስድስት ኪሎ ሲከፈት የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አራተኛ ዓመቱን አልደፈነም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉማ ጨርሶ አልተወለደም፤ እስከ 1958 መጠበቅ ነበረበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሕጎች ሬኔ ዳቪድና ዣን ግራቨን ያረቀቁት በፈረንሳይኛ፣ አዋጁ የወጣው በአማርኛ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ። እናንተ በአንድ ቋንቋ ያስቸገራችሁን አንቀጽ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በሦስት ቋንቋ ተቸግረውበታል።

መማሪያ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አሜሪካዊው ጄምስ ፖል የመጀመሪያው ዲን ሆነው ሲመጡ ያገኙት ሕጉን እንጂ ስለ ሕጉ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ ራሳቸው ጻፉት። ሮበርት ሴድለር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ላይ ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት እኔ በተማርኩበት ጊዜ ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ኅዳጋቸው በእርሳስ ተሞልቶ አግኝቻቸዋለሁ። የእርሳሱ ጽሑፍ አንዳንዴ ከመጽሐፉ ይሻል ነበር። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ፋኩልቲው ፍትሐ ነገሥትን በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ተርጓሚው በኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ነበሩ። አዲሱን ሕግ ለማስተማር የተከፈተ ቤት አሮጌውን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን ማራገፉ ይገርመኛል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ነው። መጽሔቱ የተጀመረው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ከምሁራን ጽሑፍ ጎን የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ያትም ነበር። ዛሬ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ በስልካችሁ ይዛችሁ ስለምትዞሩ ነገሩ ላይገባችሁ ይችላል። ያኔ በአንድ ጠቅላይ ግዛት የተቀመጠ ዳኛ በሌላው ያለው ባልደረባው በዚያው አንቀጽ ምን እንደፈረደ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለተመራቂ ከትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ወሬ እንግዲህ ይኸው ነበር፤ እገሌ ተሾመ ሳይሆን፣ በእንዲህ ያለ ጉዳይ እንዲህ ተፈረደ የሚል።

አሁን ወደኛ ባች ልምጣ። እንደ ሁሉም ሰው የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ በየክልሉ፣ የቀረው ዋሽንግተን አካባቢና አውሮፓ ነው። ውጭ ካሉት መካከል እዚያ ጥብቅና ለመቆም እንደገና ተምረውና ተፈትነው የተሳካላቸው አሉ፤ ሙያውን ትተው ሌላ ሥራ የያዙም አሉ። ሌሊት የሚጽፉልን እነሱ ናቸው። ወሬያችን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው «እንኳን ደስ ያለህ»፣ ሹመት ሲሆን። ሁለተኛው «ነፍስ ይማር»፣ ይህ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄዷል። ሦስተኛው «እዚያ መሥሪያ ቤት ሰው አለህ?» የሚለው ነው።

ሰው አለህ? መቼም ሁላችንም እንጠይቃለን፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ይህን ጥያቄ ባየሁ ቁጥር ግን አንዲት ሴት ትታወሰኛለች።

በ1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ዞን ዳኛ ነበርኩ። አንድ ቀን በግንቦት ባሏ የሞተባት ሴት ይግባኝ ባይ ሆና ቀረበች። መልስ ሰጪዎቹ የባሏ ወንድሞች ናቸው። ክርክሩ በቤቱና በከብቶቹ ነው። እሷ ብቻዋን ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። እነሱ ከአዲስ አበባ ጠበቃ አምጥተዋል። ጠበቃው በሩን ገፍቶ ሲገባ ቀና ብል የራሴው ጓደኛ! ዶርም ውስጥ ሁለት ዓመት በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች፣ አብረን የኖርን ሰው። ስንት ዓመት ሳንተያይ! መሐል ዳኛ ሆኜ በተቀመጥኩበት በቅጽል ስሙ ጠራሁት። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ።

ጓደኛዬ ሥራውን ሠራ። ይግባኙ ሕጉ የሚፈቅደው 60 ቀን ካለፈ በኋላ የገባ ነው ብሎ ተቃወመ። ሴትዮዋን ለምን ዘገየሽ አልናት። «ጌታዬ፣ የሚጽፍልኝ ሰው አጥቼ ነው» አለች። ሕጉ ለዘገየ ይግባኝ በቂ ምክንያት ይጠይቃል፤ እኛ ሦስታችን ዳኞች ያለችው በቂ አይደለም አልን። መዝገቡ ተዘጋ። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ በሕግ አምላክ አላለችም። እኔን አየችኝ፣ ጓደኛዬን አየችው፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ በሩ ዞረች። «እኔም ሰው ቢኖረኝ» ብቻ አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

ውሳኔው በሕጉ ትክክል ነበር። ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። እሷን ግን ማን ያሳምናት? ያንን ሳቅ ያየ ሰው የ60 ቀኑን ነገር ይሰማል? የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 25/1988 ዳኛ ከችሎት የሚነሳባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ዝምድናን በስም ይጠራ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሌላ በቂ ምክንያት ለሚሆን ነገርም በር ይተው ነበር። ተደራራቢ አልጋ በዚያ በር ይግባ አይግባ እኛ ክፍል ውስጥ ብንሆን ሁለት ሰዓት ሙሉ እንከራከርበት ነበር። እሷ ለመወሰን አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መሆን በኛ ሙያ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። ሐኪም ከሐኪም ጓደኛው ጋር በሽተኛው ፊት ቢሳሳቅ በሽተኛው ደስ ይለዋል። እኛ ስንሳሳቅ ግን የሚያለቅስ ወገን አለ። ነገ ከእናንተ አንዱ ዳኛ፣ አንዷ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ተከላካይ ጠበቃ ሆናችሁ በአንድ ችሎት ትገናኛላችሁ። ያኔ እባካችሁ ፊታችሁን አጥቁሩ። ምሳ ላይ ትስቃላችሁ።

ይህን ስል ተራርቃችሁ ኑሩ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ጥቂት የሕግ ባለሙያ ሴቶች ተሰባስበው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ ከዚህ ቤት የወጡት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ማኅበሩ ገና በእግሩ ሳይቆም አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። በግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ቆመላት፤ ራሷን ተከላክላለች ተብሎ ነፃ ወጣች። ድፍረት የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ።

ፊልሙ ላይ የማይጎላውን እኔ ልጨምር። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ መንገድ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው። ያ የጠለፋ ቀዳዳ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተደፈነ። የማኅበሩ ሴቶች በየችሎቱ ያዩትን ይዘው በየስብሰባው ሲወተውቱ ነበር፤ ብቻቸውን አደረጉት አልልም፣ ያለ እነሱ ግን በዚያ ፍጥነት ይሆን ነበር ብዬ አላምንም። እነዚህ ሴቶችም ይተዋወቁ ነበር። እነሱም ስልክ ይደዋወሉ ነበር። ስልኩ የሚደወለው ሰው ለሌላት ልጅ ነበር።

እንግዲህ እናንተም እንደኛ ግሩፕ ትከፍታላችሁ፤ ምናልባትም ከፍታችኋል። ሹመቱንም ለቅሶውንም ጻፉበት። ግን ደግሞ ጻፉ፦ ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጠመኝ፣ አንቀጹን እንዲህ አነበብኩት፣ ተሳስቼ ይሆን? ዳኛ የሆናችሁ በእጃችሁ ያለውን መዝገብ አትጻፉበት፤ ጥያቄውን ግን ጠይቁ። ጠበቃ የሆናችሁ የ1992ቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አቅም ለሌለው እንድትሠሩ ይል እንደነበር ታውቃላችሁ። ሃምሳ ሰዓት ምንም አይደለም። ለአንዲት ሴት ይግባኝ ለመጻፍ ሦስት ሰዓት ይበቃል። በስልሳው ቀን ውስጥ፣ ማለቴ ነው።

ጓደኛዬና እኔ ስለዚያ ቀን ለብዙ ዓመት አላወራንም። ለካ እሱም ሴትዮዋን ሰምቷታል። እኔ ባለሁበት ችሎት መዝገብ ሲደርሰው አስቀድሞ ይነግረኝ ጀመር፤ መዝገቡ ወደ ሌላ ችሎት ይዛወራል። ፍርድ ቤት ግቢ ስንተላለፍም እንደማያውቀኝ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ከዚያ ማታ ይደውልና ስለ ቀኑ ያማርራል።

ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ወላጆች መካከል ተቀምጧል። ልጁ ከእናንተ ጋር ትመረቃለች። ስገባ አየሁትና እንደ ልማዳችን አንገቴን ሰበር አድርጌ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ግን ዛሬ ችሎት የለም፤ ዲኑ ከፈቀዱልኝ ወርጄ ሰላም ልበለው።