ስለ ተንቀሳቃሽ የመኪና ማስነሻ ባትሪና ስለ አያያዙ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከንብረት ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ዓመቱን አሳልፎ ለዚህ ጉባኤ ያበቃንን አምላክ እናመሰግናለን። በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩንንም ነፍሳቸውን ይማርልን። እኛ የንብረት ክፍሉ ሠራተኞች እንደ ልማዳችን የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የድስቱን ቁጥር አንብበን ብንወርድ ይቀለን ነበር። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ይኸውም በእጅ ስለሚያዝ የመኪና ማስነሻ ባትሪ ልንናገር ፈቃድ ጠይቀናል። ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላያችሁት ደግሞ ስሙት።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ነባር እድርተኛችን ባረፉ ጊዜ፣ አስከሬን የሚያመላልሰው ሚኒባሳችን 19 ቀን ሙሉ ሳይነሳ ቆሞ ነበር። በቀብሩ ዕለት ጠዋት አልነሳ ሲል ከግቢያችን ቁልቁል ገፍተን አስነሣነው። «እንግዲህ ተነሥቷል» ብለን ልቅሶው ቤት ደጅ አቁመን አጠፋነው። ሣጥኑ ከገባ በኋላ ሾፌራችን ቁልፉን ሲያዞር «ጢክ» ከማለት በቀር ሌላ ድምፅ የለም። መንገዱ ዳገት ነው፤ መግፋት አልተቻለም። አንድ ባለታክሲ፣ እግዜር ይስጠውና፣ መኪናውን አስጠግቶ ካቦ ሰጠን። ከእኛው አንዱ በጥድፊያ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ አጋጠመና ብልጭታ ወጣ፤ የእኛም የባለታክሲውም ዋና ፊውዝ ተቃጠለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። የባለታክሲውን ማሠሪያ እድሩ ከፍሏል። በመጨረሻ ወጣቶቹ ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሱት።

«ምን አለበት፣ እንደ ድሮው ሆነ» ብላችሁ ያጽናናችሁን አላችሁ፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ቤተ ሰቡ በዚያች ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ ያለቀሰው ልቅሶ በእኛ ስንፍና የተጨመረ ነው። እድር የሚቋቋመው ኀዘንተኛው ስለ ሌላ ነገር እንዳያስብ አይደለም እንዴ? ስለዚህ ጥፋቱን ካመንን በኋላ እንዳይደገም የሚበጀውን ስንጠይቅ ሰነበትን። ያገኘነውንም እነሆ።

በመጀመሪያ ባትሪው ለምን ሞተ? መኪናችን ውስጥ ያለው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። በውስጡ 6 ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ይሰጣሉ። በሚገባ የሞላ ባትሪ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ሲለካ፣ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12 ቮልት ላይ ከደረሰ አብዛኛው ኃይሉ አልቋል። ሰው ግን «12 ቮልት ነው ተብሎ የለ እንዴ፣ ምን ሆነ?» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

መኪና ቆሞም ቢሆን ይበላል። ሰዓቱ፣ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወሉና ኮምፒዩተሩ ሌት ተቀን ጥቂት ጥቂት ይስባሉ። ይህ 50 ሚሊአምፔር ቢሆን፣ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በ19 ቀን ደግሞ ወደ 23 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 70 አምፔር ሰዓት ከሆነ አንድ ሦስተኛው ዝም ብሎ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ የአስከሬን መኪና ሥራው ከሌላ መኪና የተለየ ነው። ለሳምንታት ይቆማል፤ ሲወጣም መብራት አብርቶ በሰው እርምጃ ጥቂት መንገድ ይሄዳል። ዲናሞው የጠፋውን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። የታኅሣሥ ብርድ ሲጨመር ባትሪው ይደክማል፣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሪኖውም የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ጠዋት በግፊት የተነሣ መኪና ትንሽ ሄዶ ቢጠፋ ተመልሶ አለመነሣቱ አያስደንቅም። ባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ መኪና ያላችሁ አባላት ደግሞ መግፋቱም አያዋጣችሁም።

ወደ ማስነሻው እንምጣ። ነጋዴዎቹ «ጃምፕ ስታርተር» ይሉታል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ወፈር ያለ የጸሎት መጽሐፍ ያህላል። በውስጡ ያለው እንደ ሞባይል ስልክ ባትሪ የሊቲየም ዓይነት ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፣ ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ በ2019 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ጥቅሙ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል መያዙና በአንድ ጊዜ መልቀቅ መቻሉ ነው።

ያች ትንሽ ሣጥን ትልቁን ሞተር እንዴት ታነሣለች? ሒሳቡ ቀላል ነው። ላይዋ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ በ3.7 ቮልት ተሰልቶ 74 ዋት ሰዓት ነው። የመኪናው ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው ከ800 ዋት ሰዓት በላይ ነው፤ እንግዲህ ማስነሻው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ሞተሪኖው ብዙ መቶ አምፔር የሚፈልገው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ለአንድ ማስነሳት የሚያልቀው ጥቂት ዋት ሰዓት ነው። ስለሆነም ዕቃው ሞተሩን ያነሣል እንጂ ባትሪውን አይሞላም፤ ያረጀውንም ባትሪ አያድንም። ማስነሻ አለን ብሎ የሞተ ባትሪ ይዞ መዞር ክራንች አለን ብሎ የተሰበረ እግር አለማሳከም ነው።

በግዢ ጊዜ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 1000 ወይም 2000 አምፔር «የጫፍ» ቁጥር ነው፤ ለቅጽበት የሚታይ እንጂ ሞተር እስኪነሣ የሚዘልቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የበለጠ ስለሚጠይቅ፣ መመሪያው ስንት ሊትር የናፍጣ ሞተር እንደሚያነሣ የሚገልጸውን ማንበብ ይገባል። ሦስተኛ፣ ትልልቅ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸውና የ12 ቮልቱ ማስነሻ ለእነሱ አይሆንም።

ከውጭ አገር በዘመድ ለማስመጣት ያሰባችሁም አላችሁ። በአውሮፕላን ሕግ እንዲህ ያለ ባትሪ እንደ ትርፍ ባትሪ ስለሚቆጠር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ተሳፋሪው በእጁ ይይዘዋል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ዘመድ ኤርፖርት ላይ እንዳይንገላታ አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

አጠቃቀሙን እናቶችም ወጣቶችም እንድትይዙት በዝግታ እንናገር። መጀመሪያ ሞተሩ፣ መብራቱ፣ ሬዲዮው ሁሉ ይጥፋ። የመኪናው ባትሪ ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም አሲድ ካፈሰሰ አይነካ። የማስነሻው ካቦ በማስነሻው ላይ ይሰካ። ቀዩ መቆንጠጫ የመደመር ምልክት ባለበት የባትሪ ጫፍ ላይ ይያዝ፤ ቀጥሎ ጥቁሩ የመቀነስ ምልክት ባለበት፣ ወይም መመሪያው እንደሚያዘው ቀለም ባልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ይያዝ። አረንጓዴ መብራት ሲታይ ቁልፉ ይዙር፤ ግን ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ አይበልጥ። ካልተነሣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ። ከተነሣ በኋላ መቆንጠጫዎቹ ወዲያው ይነሡ፤ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ቀዩ። ሞተሩ ግን አይጥፋ! ቀብሩ እስኪፈጸም ይሥራ፤ ከዚያም ባትሪው በቻርጀር በሚገባ ይሞላ።

ጥሩው ዕቃ ቀይና ጥቁር ቢዛወር ራሱ አውቆ ኃይሉን ይዘጋል። ያን ዕለት ይህ ቢኖረን ኖሮ ፊውዙ ባልተቃጠለ ነበር። ይሁን እንጂ በአንዳንዶቹ ላይ «ቡስት» የሚል ቁልፍ አለ። ባትሪው ፈጽሞ ሲሞት ማስነሻው ባትሪ መኖሩን ስለማያውቅ በግድ ኃይል እንዲሰጥ የሚያደርግ ነው። እሱ ሲጫን ያ ጥበቃ ሊነሣ ይችላልና ቀይና ጥቁሩን ሁለት ሰው ሳያይ አይነካ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ በአጠገቡ ሲጋራ፣ ክብሪትም ሆነ ጧፍ አይቅረብ። በልቅሶ ቤት ይህን ማሳሰብ ተገቢ ነው።

አያያዙስ? ሊቲየም ሙቀት ጠላቱ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መስታወት ሥር አይተው። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም የሚሸት ከሆነ አይሞላ፣ አይከፈት፣ ከቤት ይውጣ። ከጨሰ ማንም በእጁ አይያዘው፤ ሰው ይራቅ፣ እሳት አደጋ ይጠራ። ሌሊት ተሰክቶ አልጋ አጠገብ አይደር። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ ቁጥራችሁ እየበዛ ነውና፣ ይህ ጉዳይ አይመለከተንም አትበሉ። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው ላይነቃ ይችላል። በምን እንደሚነቃ ግን የየመኪናውን መመሪያ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ማስነሻውም ራሱ ባትሪ ነው። ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ በቸገረን ቀን እሱም ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ አንድ የሞተ ባትሪ የነበረን ሰዎች ሁለት የሞተ ባትሪ ይኖረናል ማለት ነው። ሰሪዎቹ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይሞላ ይላሉ። እኛ ግን 3 ወር ይረሳል እንላለን። ወርሃዊ መዋጮ የምንሰበስብበት ቀን አይረሳም፤ ቅጣት አለውና! ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንድ ማስነሻ በእድሩ ገንዘብ ይገዛ። በየወሩ በመዋጮ ቀን በጠረጴዛው ላይ ይቅረብ፤ የመብራቱ ቁጥር በሁላችሁ ፊት ይታይ፤ ያየው ሰው በመዝገብ ይፈርም። በዚያው ቀን ኮረንቲ ቢጠፋ በማግሥቱ ይሞላ። ሚኒባሱም በየሳምንቱ ይነሣና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፤ ባትሪው በየጊዜው ይለካ፣ ሲያረጅም ሳይለምነን ይለወጥ። ማስነሻው በሌሊትም ቢሆን በጎረቤት መኪናው ለቆመበት አባል ይውጣ፤ ግን በፊርማ ወጥቶ በፊርማ ይግባ፣ ሲመለስም ሞልቶ ይመለስ። ኃላፊው «ንብረት ክፍሉ» ተብሎ አይጻፍ፤ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ሚኒባሱ 19 ቀን የቆመው የሁላችንም ሥራ ስለነበረ የማንም ሥራ ሳይሆን ቀርቶ ነው።

እድራችን ራሱ እንዲሁ አይደለም ወይ? ማንም ሳይሞት በየወሩ ጥቂት ጥቂት የምናስቀምጠው፣ የሞት ቀን ስትመጣ መለመን እንዳይኖር ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትን በገንዘቡ በኩል አክብረን በመኪናው በኩል ረሳነው። በዚያ ዕለት መንገድ ላይ የቆመውን ቤተ ሰብ ዛሬ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። ሣጥኑን የተሸከማችሁ ወጣቶች እግዚአብሔር ትከሻችሁን ያበርታ፤ ከእንግዲህ ግን በእኛ ጥፋት አትሸከሙም።