በአርቪ ወደ ኢታስካ ሐይቅ

ሚኒሶታ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ አልጋና ማብሰያ ያለውን መኪና፣ አርቪ የሚባለውን ተከራይታችሁ ወደ ኢታስካ ፓርክ ለመሄድ ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት ማረፊያ ቦታ አስይዙ። በ1891 የተቋቋመው ኢታስካ የግዛቲቱ አንጋፋ ፓርክ ነው። ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ የሚነሳው በፓርኩ ውስጥ ካለው ከኢታስካ ሐይቅ ስለሆነ ልጆች በድንጋይ ላይ እየረገጡ ወንዙን ይሻገሩታል። ይህን ማየት የሚፈልገው ብዙ ነውና የበጋ ቅዳሜና እሁድ ቦታ ቶሎ ያልቃል። ማስያዝ የሚቻለው እስከ 120 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ለጁላይ አጋማሽ የሚፈልግ በማርች አጋማሽ ይነሳ።

ስታስይዙ የመኪናውን ሙሉ ርዝመት እወቁ፤ የሚጎትት ነገር ካለም አብራችሁ ለኩ። እያንዳንዱ ማረፊያ የራሱ የርዝመት ገደብ አለው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በውኃው ነው። አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ታንከር አለው፦ የንጹሕ ውኃ፣ የእጣቢ እና የመጸዳጃ። ኤሌክትሪክ ያለው ቦታ ሁሉ የውኃ መስመር አለው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ንጹሑን ሞልታችሁ ግቡ። ስትወጡ ማስወገጃ ጣቢያው ላይ መጀመሪያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ልቀቁ፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥበዋል። ጓንት አትርሱ።

የማገዶ እንጨት ግን ከቤት አትጫኑ፣ አደራ! በውስጡ የሚደበቁ ነፍሳት የአካባቢውን ዛፍ ይፈጃሉ። እዚያው አካባቢ የተፈቀደለት ሻጭ ዘንድ ግዙ። ለመኪናው የፓርክ መግቢያ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ከማረፊያው ኪራይ የተለየ ክፍያ ነው።